የመኮንን መነጽር

ድሬዳዋ ውስጥ ጥላ ንብረት ነው። ሌላ አገር ሰው በመሬትና በአጥር ይካሰሳል፤ እኛ ዘንድ የዛፉ ጥላ ከሰዓት በኋላ ማን በር ላይ እንደሚያርፍ ስምምነት ያልተደረሰበት ሰፈር ሰላም የለውም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከተማችንን ብትዞሯት የምታገኙት ሰው ሁሉ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ስንዝር የምታህል ጥላ ተከትሎ፣ በጎኑ የሚሄድ ሰው ነው። እንግዳ ሲያየን ከአንድ ነገር የምንሸሽ ይመስለዋል። እውነቱን ነው።

ይህን የማወራችሁ ሙቀቱን ለማማረር አይደለም። በሙቀት የሚያማርር የድሬ ሰው ካጋጠማችሁ በቅርብ የመጣ ነው፤ ታገሱት። የማወራችሁ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለያዘኝ አመል ነው። ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ስጨርስ፣ ልጄ ካሜራው ጥሩ ነው የተባለለት ስልክ ገዝታ ሰጠችኝ። ሐሳቧ የልጅ ልጆቼን ፎቶ እንዳይበት ነበር። እኔ ግን ስልኩን ይዤ መንገድ ወጣሁ፤ በቃ፣ ወጥቼ ቀረሁ።

"መንገድ ላይ ምን አለ?" አለችኝ ባለቤቴ አልማዝ።

"ሰው" አልኳት።

"ሰው ቤትም አለ።"

አለ፤ ግን ቤት ያለው ሰው ፎቶ ላንሳህ ሲሉት መጀመሪያ ፀጉሩን ሊያበጥር ይሄዳል። ተበጥሮ የሚመለሰው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

የመንገድ ፎቶ ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ያነሳኋቸው ሰዎች ሁሉ ከአናታቸው የመብራት እንጨት የበቀለባቸው ናቸው። አንዲት ሥርዓት ያላቸው እናት አሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያነሳኋቸው፤ ከኋላቸው የቆመ አህያ ጆሮ ነጠላቸው ላይ ተተክሎ ወጣ። እኔ ሳነሳ አህያውን አላየሁትም። ዓይናችን የሚፈልገውን ብቻ መርጦ የሚያይ አድሎኛ ነው፤ ካሜራ ግን አህያውንም እናቲቱንም እኩል ያከብራል። እና ቀስ እያልኩ ጠርዝ ማየት ተማርኩ፤ ከሰውዬው ኋላ ምን አለ፣ ጥግ ላይ ምን ገብቷል፣ የማን እግር ተቆርጧል። የግድግዳ ቀለም መውደድ ጀመርኩ። መጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ውኃ ሰማያዊ ግድግዳ አለ፣ ቀለሙ የተላላጠበት ቦታ ሁሉ ድሮ የነበረውን ቢጫ የሚያሳይ። ፊት ለፊቱ ቆሜ አንዲት ቢጫ የለበሰች ሴት እስክታልፍ መጠበቅ ጀመርኩ። ብታልፍ እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም። ፀሐይዋ ዞረች፣ ጉልበቴ ዛለ፣ ሱቅ ያሉት ሰዎች ግድግዳው ሊሸጥ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ፍየል መጣች።

እሷን አነሳሁ። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው መልከ መልካሟ እሷ ናት፤ አቋቋሟም ያለቀለት ነው፣ ፀጉሯንም አላበጠረችም።

ነገር ግን አቀማመጥና ብርሃን ግማሹ ናቸው። ሌላው ግማሽ ሰው ማንም አያየኝም ሲል የሚያደርጋት ትንሽ ነገር ናት። የባጃጅ ሾፌር ደንበኛ እስኪወርድ ጠብቆ በመስታወቱ ጥርሱን ያያል። ታይዋን ገበያ አንድ ልብስ ሻጭ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቱን ከፀሐይ ሊያሸሽ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወስዶ፣ ካቆመው በኋላ ይቅርታ እንደመጠየቅ አድርጎ ኮሌታውን አስተካከለለት። ይህችን አይቼ ሳላነሳት ቀረሁ፤ ስልኬ ኪሴ ነበር። ያመለጡኝን ፎቶዎች ሁሉ ባሳያችሁ ያነሳኋቸውን ዞር ብላችሁ አታዩም።

እንግዲህ አንዲቷ ግን አላመለጠችኝም። ጣጣው የመጣው እሷን ተከትሎ ነው።

መጋላ ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ሱቆች አሉ። አንደኛው የመኮንን ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው፣ አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ እሱም ዛሬ ድረስ ሱቁን የሚከፍተው ባቡር ሊያመልጠው እንደሆነ ሁሉ እየተጣደፈ ነው። ሁለተኛው የአብዶሽ ነው፤ አብዶሽ ቬንትሌተር ይጠግናል፣ ይህ ደግሞ በእኛ ከተማ ከሐኪም የማያንስ ማዕረግ ነው። የሚኖረውም እዚያው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ሁለቱም የእኔ ዕድሜ እኩያ ናቸው። ከሰዓት በኋላ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ዶሚኖ ሲጫወቱ ያላያቸው የሰፈር ሰው የለም። ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳደባሉ፣ ማታ ተሳስቀው ይለያያሉ።

ከዚያ አብዶሽ ሸራ ወጠረ።

ሸራው የተወጠረው አብዶሽ በር ላይ ነው፤ መብቱ ነው። ግን ከገበያው በኩል ለሚመጣ ሰው "መኮንን ልብስ ስፌት" የሚለውን ታፔላ ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። መኮንን አንሳልኝ አለ። አብዶሽ "አቦ አንተ ታፔላህን አንሳ፣ አንተን የማያውቅ ማን አለ?" አለው። አብዶሽ እስከ ዛሬ ይህን ያልኩት ለሙገሳ ነው ይላል። መኮንን ግን ታፔላውን አባቱ በእጃቸው የጻፉለት ነውና እንደ ሙገሳ አልሰማውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለወራት አልተነጋገሩም። የግድ የሚባል ነገር ካለ አላፊ አግዳሚ ይላላካል። እኔ ራሴ "ለዚያ ሰውዬ ሬዲዮኑን ቀንስ በለው" ተብዬ ሁለት እርምጃ ተራምጄ ነግሬ፣ "ለዚያ ሰውዬ ሬዲዮኑ የእኔ ነው በለው" ተብዬ ሁለት እርምጃ ተመልሻለሁ።

ፀሐይ ግን የሰውን ጠብ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የሸራው ጥላ ከአብዶሽ በር ይንሸራተትና መኮንን በር ላይ ሄዶ ይተኛል። ሸራው የአብዶሽ፣ ጥላው ያረፈበት ደጅ የመኮንን። እና አብዶሽ ወንበሩን ይዞ ጥላውን ተከትሎ ይመጣል፤ መኮንን ደግሞ የስፌት መኪናውን ደጁ ላይ አውጥቶ ከእኔ በር የት እሄዳለሁ ብሎ ይቀመጣል። ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው፣ በአንድ ጥላ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እያየ። ፎቶ አንሺ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኔ በበኩሌ ባይታረቁ እመርጥ ነበር ብል ትታዘቡኛላችሁ፣ ስለዚህ አልልም።

ከምሳ በኋላ ነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት፣ ሰፈሩ ፀጥ ባለበት ሰዓት። ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ሆኜ ስልኬን አወጣሁ። የጥላው ጠርዝ መንገዱን እንደ ማስመሪያ ለሁለት ከፍሎታል፣ ወዲህ ነጭ ወዲያ ጥቁር። በአብዶሽ ግድግዳ ላይ ክንፋቸው የወለቀ ቬንትሌተሮች ተሰቅለዋል፤ መኮንን በር ላይ ራስ የሌለው ኮት። በሁለቱ ሰዎች ጀርባ መካከል ባዶ ቦታ አለ፣ ለዓይን ማረፊያ የምትሆን። ደስ አለኝ። ላነሳ ስል ግን መኮንን መተኛቱን አየሁ። አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ ሜትሩ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አፉ ተከፍቷል፣ መነጽሩ ደግሞ ከአፍንጫው ጫፍ ሊለቅ ደርሷል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ነው።

አብዶሽ ዞረ። መነጽሩን አየ። ግራና ቀኝ ተመለከተ፤ እኔን አላየኝም። ከወንበሩ ሳይነሳ ወገቡን ጠምዝዞ፣ ግራሶ የነካው ረጅም እጁን ዘርግቶ፣ መነጽሩ አፍንጫ ሲለቅ በጣቶቹ ተቀበለው። እንዲያ ባለ ጥንቃቄ የተዘረጋ የወንድ እጅ ያየሁት ሕፃን ክርስትና በሚነሳበት ቀን ብቻ ነው። አነሳሁት። መነጽሩን ከመኮንን አጠገብ ተጣጥፎ በተቀመጠ ጨርቅ ላይ አኖረና ወደ ቦታው ሊመለስ ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እኔም ራሴን ነቅንቄ በእግር ጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ ሄድኩ።

ቤቴ ወዳለበት ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚወስደኝ ባጃጅ ውስጥ ከስልኬ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሁሉ ነገር ቦታው ላይ ነበር። በሁለቱ ጀርባ መካከል የነበረው ያ ባዶ ቦታ፣ አሁን እጅ አልፎበታል። ይህ እኔ ያቀድኩት አይደለም፤ የእኔ ድርሻ እዚያ መገኘት ነበር፤ ከተሳካላችሁ የዚህ ሥራ ደስታውም ይኸው ነው።

ከዚራ ሰፈር ፎቶ ቤት ያላት ሐያት የምትባል ልጅ አለች፣ የድሮ ተማሪዬ። በወረቀት እንድታወጣልኝ ሰጠኋት፤ ሁለቱን ለየብቻ ላሳያቸው አስቤ ነበር። ሐያት አየችውና "ቲቸር፣ ይሄ አልበም ውስጥ የሚገባ አይደለም" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ወረቀቱን ልወስድ ስመለስ ነው። በትልቁ አውጥታ የፎቶ ቤቷ መስታወት ላይ፣ ከሙሽሮች ፎቶ መካከል ሰቅላዋለች። "የምትቀየም አልመሰለኝም" አለች። መቀየም ሲገባኝ የጥርስ ሳሙና ልገዛ ነው እያልኩ በዚያ መንገድ ደጋግሜ አለፍኩ። ቤታችን ውስጥ ዛሬም የጥርስ ሳሙና ሞልቷል።

የከተማው አስተያየት የደረሰኝ በባጃጅ ሾፌር በኩል ነው።

"ቲቸር፣ ያ የሚሰርቀው ሰውዬ ፎቶ ያንተ ነው አሉ።"

"የሚሰርቀው?"

"የተኛውን ሰው መነጽር ነዋ። ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ነው የያዝከው።"

ፎቶ በፊትና በኋላ የሚባል ነገር እንደሌለው ረስቼው ነበር። መነጽር ከመውደቅ ሲተርፍና መነጽር ሲነጠቅ፣ በዚያች ቅጽበት እጁ ያው አንድ እጅ ነው። ግራና ቀኝ አይቶ መዘርጋቱን ባላነሳም ፊቱ ላይ ቀርቷል። እኔ ፍቅር ያየሁበትን ሕዝቡ ሌብነት አይቶበታል፤ ማስረጃ አምጣ ብባል ያለኝ ያው ፎቶው ነው።

ነገ በጠዋት ሄጄ ላስወርደው ብዬ ቤቴ እንደደረስኩ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ፣ በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ከአንድ ባጃጅ ሁለቱም ወረዱ። እየተጨቃጨቁ ነበር።

አልማዝ የሎሚ ጭማቂ ይዛ መጣች፤ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ሌባ ተባልኩ ወላሂ" አለ አብዶሽ። "ዛሬ ቬንትሌተር ሊያሠራ የመጣ ሰው የራሱን መነጽር አውልቆ ኪሱ ከቶ ነው የገባው። አቦ እያየሁት።"

"ያስ ምንም አይደል" አለ መኮንን። "አንተ ሌባ ነው የተባልከው፣ እኔ ግን አፌን ከፍቼ ነው የተሰቀልኩት። ከሙሽሮች ጋር። ሰው ሁሉ መነጽርህ ተገኘ ወይ ይለኛል። የቱ መነጽር ብዬ ሄጄ ባይ ጉሮሮዬ ድረስ ይታያል።"

"ተነጋገራችሁ እንዴ?" አልኩ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ መነጽሩን የደበቀው ደንበኛ ሲወጣ መኮንን ደጅ ጎራ ብሎ "እንዴት ከሌባ ጎን ትሠራለህ?" ብሎታል። መኮንን ከስፌት መኪናው ተነስቶ፣ አብዶሽ በሚሰማበት ድምፅ፣ "ይሄ ሰውዬ ግትር ነው፣ አፉ ክፉ ነው፣ ሸራው ሕገ ወጥ ነው፤ ሌባ ግን አይደለም" አለ። አብዶሽም ከውስጥ ሆኖ "ሸራው ሕገ ወጥ አይደለም" ሲል መለሰ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ሳይቋረጥ ሳቢያን ደረሰ።

"ለመሆኑ ሳታስፈቅደን ለምን አነሳኸን?" አለ መኮንን።

"አብዶሽ አይቶኛል" አልኩ። "ጣቱን ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ፣ እሺ ያለኝ መሰለኝ።"

"እሺ ማለቴ ነው እንዴ? እንዳይነቃ ብዬ ነው።"

መኮንን ወደ አብዶሽ ዞረ። እስካሁን ሲያወሩ ሁለቱም የሚያዩት እኔን ነበር።

"ብነቃስ?"

"ደክሞህ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትሰፋ አድረሃል።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

"ግድግዳው ስስ ነው። የመኪናህ ድምፅ ያልፋል።"

መኮንን የሎሚ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዞረው። "ሬዲዮህም ያልፋል" አለ። ይህን ሲል ግን እንደ ስሞታ አልነበረም። አልማዝ ተነስታ ምንም ያልተጣደበትን ምድጃ ላጥፋ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅጣቴ ወዲያው ተወሰነ። ያ ፎቶ ይወርዳል፤ በምትኩ ሰው የሚመስል ፎቶ ይሰቀላል። አብዶሽ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ፣ መኮንን ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ጠበቁኝ። ፀጉር ተበጥሯል። ትከሻ ለትከሻ ቆሙ፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ አወረዱ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ትንሽ ዘና በሉ ብላቸው ይብስ ደረቁ። ብርሃኑ መጥፎ ነው፣ የእኔ ጥላ እግራቸው ላይ ወድቋል፣ ፈገግታ የሚባል የለም። ሐያት እየከፋት ሰቀለችው። ከተማው ወደደው። ሰው ቆሞ እያየ "ይሄ ነው ፎቶ" ይላል። በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሱሪ ላሳጥር መኮንን ዘንድ ሄድኩ። አብዶሽ ሶላት ላይ ነበር። መኮንን እስፒሎቹን ከአፉ አወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያ የመጀመሪያው ፎቶ አለህ?"

"አለ። አልሰረዝኩትም።"

"እኔን ቁረጠኝ።"

"እንዴት ልቁረጥህ?"

"ከአፌ በላይም በታችም አልፈልግም። እጁን ብቻ ተውልኝ። መነጽሩም ይኑር፣ የእኔ ነው።"

ቆረጥኩት። የጥላውን መስመር፣ ቬንትሌተሮቹን፣ ራስ የሌለውን ኮት፣ የደከምኩበትን ሁሉ ጣልኩት። የቀረው ከኋላ ጥቁር ጥላ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ የገባ አንድ እጅ፣ በጣቶቹ ላይ ደግሞ ገና ያላረፈ መነጽር ነው። ፊት የለውም፣ ሰፈር የለውም፣ ሌባ ይሁን ወዳጅ የሚል የለም። መኮንን ከስፌት መኪናው በላይ ሰቀለው። ሱሪዬን ልወስድ በተመለስኩ ጊዜ ሁለቱ የለስላሳውን ሳጥን ገልብጠው ሊጫወቱ እያሰናዱ ነበር፤ አብዶሽ ቀና ብሎ ፎቶውን አየ።

"የማን እጅ ነው ይሄ? ሳሙና አያውቅም እንዴ?"

"ከካታሎግ ላይ ያገኘሁት ነው" አለ መኮንን።

"ጥሩ ነው" አለ አብዶሽ። ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተና ዶሚኖውን በግራው ይደረድር ጀመር።